ጭስ የሚለካበት ቀን

እስቲ ፍረዱኝ! ሌባ የሚይዝ ፖሊስ «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ልይዝህ ስለምመጣ ጠብቀኝ» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል? እኔ ግን እጽፋለሁ። ሥራዬ የፋብሪካ ጭስ መለካት ነው። የአየር ንብረት ሕጋችን ደግሞ ልኬቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ፋብሪካው ከአሥራ አምስት ቀን በፊት በደብዳቤ ተነግሮት እንዲሆን ያዛል። በተባለው ቀን መሣሪያዬን ተሸክሜ ስደርስ ታዲያ ከሲሚንቶ ፋብሪካው ሦስት ምድጃዎች ሁለቱ ሁልጊዜ «ጥገና ላይ» ናቸው። ሦስተኛው ብቻ ለወጉ ያህል ይጨሳል።

ይበልጥ አንጀቴን የሚያሳርረው፣ እትዬ እዚያው አጥሩ ሥር ነው የምትኖረው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሐኪሙ ሳንባዋን አይቶ «ወይ ጭሱ ይራቅልሽ፣ ወይ አንቺ ራቂ» ብሏታል። እዚያ ሰፈር ያለ ቤቷን ግን ማን ይገዛታል? እኔም «ትክክለኛው ልኬት አንዴ መዝገብ ላይ ይስፈር እንጂ ማጣሪያ እንዲገጥሙ ይገደዳሉ» ብዬ ቃል ገባሁላት።

ባለፈው ወር ደሜ ፈላና ያለ ደብዳቤ ሄድኩ። ሦስቱም ምድጃዎች ይንቀለቀላሉ። መሣሪያው የተፈቀደውን አራት እጥፍ አሳየ። እየበረርኩ ሄጄ ወረቀቱን ለአለቃዬ ሰጠሁት።

«የማሳወቂያው ደብዳቤ የታለ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ አራት እጥፍ ነው እኮ!»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ያለ ደብዳቤ የተለካ ልኬት ሕገ ወጥ ነው። በሥርዓቱ ድገመው።»

ኧረ በሕግ አምላክ! ሕገ ወጡ እኔ ሆኜ አረፍኩት!

ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ አሥራ አምስት ቀን ጠብቄ ሄድኩ። እነ እትዬ ሰፈር ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በየግቢው፣ በየአጥሩ፣ በየገመዱ ላይ አንሶላው፣ ሸሚዙ፣ የሕፃን ልብሱ ተሰጥቶ ሰፈሩ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«እትዬ፣ ምን ጉድ ነው?»

«አንተ የምትመጣበት ቀን ነዋ!» አለችኝ ሌላ አንሶላ እየጨመቀች። «ቀኑን የፋብሪካው ዘበኛ ቀድሞ ይነግረናል። ሌላ ቀን ያሰጣነው ሁሉ ጥላሸት ለብሶ ነው የሚገባው። ሰፈሩ እኮ ይመርቅሃል!»

በመመረቄ አፈርኩ። አንገቴን ደፍቼ ገብቼ ለካሁ። ሁለቱ ምድጃዎች ጥገና ላይ፣ ልኬቱ ከተፈቀደው በታች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሉ የለ? በሳምንቱ መሥሪያ ቤታችን አገሪቱ የጭስ ልቀት ቅነሳ ግቧን ከጊዜው ቀድማ እንዳሳካች መግለጫ ሰጠ። ለእኔም የምስጋና ወረቀት ደረሰኝ። አለቃዬ ቆሞ አጨበጨበልኝ፤ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ገመዱ ባዶ ነው። መስኮቱ ተከርችሞ፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እንዳየችኝ ፊቷ በራና ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

«ዛሬም ልትለካ መጣህ? መስኮቱን ልክፈተው?»

«አይ እትዬ» አልኳት፤ «ገና ዓመት ይቀረዋል።»

የያዘችውን የመስኮት እጀታ ለቀቀችና ተመልሳ ተቀመጠች።