የሳሪው ቋጠሮ

የባብሉ እናት ከተቀደሰው የጋንጋ ወንዝ እስከ ጣፋጭ ሻጮቹ ተራ ድረስ ባሏን ስትጨቀጭቀው ሄደች። የአማቷን ምላስ አነሳች፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አነሳች፣ አውቶቡስ ላይ ብቻውን የጨረሰውንም ጣፋጭ አልማረችውም። እሱ ዝም ብሎ አዳመጠ። እንዲያውም አንድ ሁለቴ "እውነትሽን ነው" አላት። ይሄኔ ደነገጠች። ባሏ በትዳር ዘመኑ ሙሉ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

የራስ መሸፈኛዋን ገለጥ አድርጋ ቀና አለች። ሰውየው ባሏ አልነበረም።

በዚህ የመታጠቢያ በዓል ሕዝቡ ሰው ይውጣል። ስለዚህ ሚስት የተጠቀለለችበትን ረጅም ልብስ፣ የሳሪዋን ጫፍ፣ ከባሏ ፎጣ ጋር ትቋጥራለች። የባብሉ እናት ከውሃው ስትወጣ ፊቷን እስከ አገጯ ሸፍና የሚታያት እግርና ፎጣ ብቻ ነበር። የባሏ ፎጣ ቀይ ነው። ቀይ ፎጣ አየች፣ ቋጠረች።

"ምነው ወንድሜ፣ አፍ የለህም?" አለችው።

"ሚስቴ መስለሽኝ ነዋ። ዛሬ ላትናገር ለጋንጋ ተስላ ነበር፤ ስለቷን ያፈረሰች መሰለኝ። እሷም ሁልጊዜ ስለ ጣሪያው ነው።"

ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቋል፣ አልፈታ አለ። አውቶቡሱ ደግሞ ሊነሳ ነው። ባሏን ሳታገኝ ከቀረች፣ የሰው ባል አስራ መጣች ተብሎ መንደሩ ዕድሜ ልኳን ሊስቅባት ነው። እንደተቆራኙ የጠፋ ሰው ወደሚፈለግበት ድንኳን ሮጡ።

"የባልሽ ስም?" አላት ለፋፊው፣ ጩኸት ድምፁን የዘጋው ሰው።

"የባብሉ አባት።"

"እሱማ ስም አይደለም፣ እህቴ።"

"ስሙን ከጠራሁት ዕድሜው ያጥራል።"

ለፋፊው በድንኳኑ የተኮለኮሉትን የተሸፋፈኑ ሴቶች በአገጩ አሳያት። "የእነዚህም ባሎች ስም የላቸውም።"

የባብሉን አባት በድምፅ ማጉያ ጠራው። ድንኳኑ በባብሉ አባቶች ተሞላ። መላጣው መጣ፣ ወፍራሙ መጣ፣ ባብሉ ገና ያልተወለደለት ሳይቀር መጣ። የእሷ የለም። ከሩቅ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። የባብሉ እናት ከልቧ ፈራች፤ ከዚያም ከለፋፊው እጅ ማይክሮፎኑን ነጠቀችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ቢሴሳር" አለች። "ቢሴሳር፣ ያለህበት ና።"

"ገደለችው" አለች ከሴቶቹ አንዷ።

አልሞተም። ፎጣው ላይ የተቋጠረች ሌላ ሴት እያስከተለ፣ እየተንጨረጨረ መጣ።

"በሕዝብ ፊት ስሜን ትጠሪያለሽ?"

"ከኋላህ ያለችው ማናት?"

ዞሮ አየ። "አንቺ መስላኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ዝም ስትል ጊዜ እናት ጋንጋ ጸሎቴን የሰማችኝ መስሎኝ ነበር።"

ሴትዮዋ ላለመናገር የተሳለችውን አላፈረሰችም፤ ከባብሉ እናት ጋር የተቋጠረውን ባሏን በክርኗ ብቻ ጎሸም አደረገችው። ለፋፊው በቢላዋ ጫፍ ሁለቱንም ቋጠሮ ፈታና ወደ ቢሴሳር ዞረ።

"ተገኘች ብዬ ልለፍፍ። የሚስትህ ስም ማነው?"

"የባብሉ እናት።"

"ስሟን ነው ያልኩህ።"

ቢሴሳር መሬት ላይ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው አጎነበሰ። "ቤት ውስጥ... 'ሰማሽ ወይ' ነው የምላት።"

የባብሉን እናት ከፋት። ሲጠፋባት እንኳ እንዲህ አልከፋትም ነበር። እሷ ስሙን ያልጠራችው እንዳይሞትባት ፈርታ ነው። እሱ ምን ፈርቶ ነው? ብትጠፋ ኖሮ እስከ ማታ እዚህ ብትቀመጥም በስሟ የሚያስጠራት አልነበረም።

ማይክሮፎኑን ደግማ ወሰደች። "ፉልባሲያ ተገኝታለች" አለች። "ፉልባሲያ እኔ ነኝ።" የገዛ ስሟ ማጉያው ከተሰቀለበት ምሰሶ ላይ እየጮኸ ወደ ወንዙ ሲሄድ ቆማ አዳመጠችው።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ እንደገና ተነፋ። ቢሴሳር ቀዩን ፎጣ ዘረጋላት።

"ሰማሽ ወይ፣ ቋጥሪ እንጂ፣ ሊሄድብን ነው።"

ፉልባሲያ የሳሪዋን ጫፍ በእጇ ጠቅልላ ያዘች፤ ድንኳኑ ውስጥ በተነጠፈው ሣር ላይም ቁጭ አለች።

"አልሰማሁም" አለችው።