ሌላ ሰው

«ይሄ ጉልበት የእሷ ነው፤ ነፍሷን ይማረውና» አለ ሥጋ ሻጩ እግሩን ዘርግቶ እያሳየ። «በምልጃው ሰሞን ተነሥታ ‹ለሥጋ ሻጩ ጉልበት› ባለች በሳምንቱ ደረጃ ወጣሁ።»

«ጉልበትህስ ዳነ፤ ሚዛንህን ረሳችው እንጂ» አለው ሾፌሩ።

ለቀስተኛው ሳቁን በመሐረብ አፈነ። ልብስ ሰፊዋ ግን የሻይ ትሪውን ዘጭ አድርጋ አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ጉልበት! ይህን ያህል ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ አልወጣም አልወርድም ያላት ይኸው ጉልበት አይደል?

በአጥቢያቸው የምልጃ ሰሞን ሲገባ ምእመኑ ተራ በተራ እየተነሣ የሰው ስም ይጠራል፤ ሌላው አብሮ ይለምናል። ለራስ መለመን ክልክል ነው። ሟች ታላቅ እህቷን፣ ዳቦ ጋጋሪዋን፣ በዚህ የሚስተካከላት አልነበረም። ለሾፌሩ ልጅ ፈተና ለምናለች። ለጎረቤት ድመት ሳይቀር ለምናለች ይባላል። ያኔ የገዛ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሆዷን ተቀድዳ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የተጠራው ግን የሥጋ ሻጩ ጉልበት። ጉልበት ከአንጀት በለጠ።

እትዬ ከሆስፒታሉ ቀርታ አታውቅም። ጥፍሯ ሥር ሊጥ እንደደረቀ ትመጣና እግሯን ታጥባታለች፣ ዳቦ እየቆረሰች ታጎርሳታለች፣ ትቆጣታለች። «ብዪ እንጂ! ሰው ነሽ ወይስ ክር?» ስለ ጸሎቱ ግን ትንፍሽ አትልም። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከምትጠይቅ ሞቷን ትመርጣለች።

አሁን ብብቷ ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት ወጥታባታለች። የሐኪሙን ውጤት የምትቀበለው ሰኞ ነው። ልንገራት፣ አልንገራት እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት፣ እትዬ ምድጃው አጠገብ ወድቃ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሰው «አይዞሽ» ብሎ ባቀፋት ቁጥር ክርኗን ጎኗ ላይ ትለጥፋለች፤ እብጠቷ በልብስ ላይ የምታስታውቅ ይመስል።

ከሳሎኑ የካህኑ ድምፅ መጣ። «እሁድ ምልጃው ያበቃል። በእሷ ፋንታ ማን ተነሥቶ ይጥራ? እህቷ ብትሆን...»

«እኔ አልነሣም!» አለች ከጓዳ፤ ከአፏ ሳይሆን ከሆዷ የወጣ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ።

የእትዬ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ተከትላት ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

«አንቺ፣ ከሞተ ሰው ጋር ትኳረፊያለሽ እንዴ?»

«ከድመት አሳንሳኛለች! ለአገር ምድሩ ስትለምን የእኔን ስም አንድ ቀን አልጠራችም።»

አዋላጇ አፍጥጣ አየቻት። «እስካሁን ይህን ይዘሽ ነው? እኔም ያኔ ክንዷን ይዤ ‹ኧረ እህትሽን ጥሪ!› ብያት ነበር። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሕጉ ለሌላ ሰው ነው። እሷ ደግሞ መቼ ሌላ ሰው ሆነችብኝ? ለራሴ መለመን ነው የሚሆንብኝ።›»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ቤቷ ገብታ ምን እንዳለች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ» አለች አዋላጇ። «እኔ የማውቀው፣ ያን ሰሞን የጋገረችው ዳቦ በሙሉ ጨው አልነበረውም። ደንበኛ ሁሉ ሲያማርር ከረመ። ልቧ የት ነበር?»

«አልጫ ዳቦ...» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለበሽተኛ ብላ ለይታ የጋገረችልኝ ነበር የመሰለኝ።» ወዲያው ቱግ አለች። «ሞኝ! ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብትጠይቂያትስ ምን ነበረበት? ሁለታችሁም የአንድ እናት ልጆች፤ አንገታችሁ ይሰበራል እንጂ አይዞርም።»

እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ካስፈለገ ሹልክ ለማለት። «ለማን እንጸልይ?» አሉ ካህኑ። አንዷ ለባሏ ጠራች። አንዱ ለጎረቤቱ። «የቀረ አለ?»

ተነሣች። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰው ሁሉ ዞረ። ካህኑ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለእኔ» አለች።

«ለራስ አይባልም እኮ!» አለ ሾፌሩ ከፊቷ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።» ድምፅዋ አልወረደም። «ነገ የሐኪም ውጤት እቀበላለሁ። ፈርቻለሁ። እህቴ ብትኖርም አትጠራኝም ነበር፤ ለእሷ ሌላ ሰው አልነበርኩማ። እናንተ ግን ሌላ ሰው ናችሁ። ስለዚህ ጥሩኝ።»

እንድትቀመጥ ካህኑ በእጃቸው ምልክት ሰጧት። አልተቀመጠችም። ስትሸሽገው ከከረመችው ጎኗ ላይ ክርኗን አንሥታ፣ እጇን በሰው ሁሉ ፊት ብብቷ ሥር አኖረች፤ ስሟ እስኪጠራም እንደዚያው ቆመች።