የማትሮና ከንፈር

በዚያ ሩቅ ሰሜን ባለ የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ሰው የማይከራከርበት አንድ ነገር ቢኖር የማትሮና ከንፈር ነበር። በአየር ትንበያው ይሳቃል፣ ከከተማ የሚመላለሰው አውሮፕላን አብራሪ ይታማል፣ የመንደሩ ምክር ቤትም ምንም ቢወስን ከሃምሳው ነዋሪ ግማሹ አኩርፎ ያድራል። በማትሮና ከንፈር ግን ቀልድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ባሕሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ርቆ በሚሸሽበት ጠዋት፣ መንደርተኛው የጎማ ቦቱን አጥልቆ፣ ባልዲና መቆፈሪያውን ይዞ ዳርቻው ላይ ይሰለፋል። ዛጎል፣ አሸዋ ውስጥ የሚቀበረው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ፣ ደም ስለሌለው ለጾም ይፈቀዳል፤ ክረምቱን ሙሉ የደረቀ ዓሣ ሲያኝክ የከረመ ሰውም ይህን ቀን በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚጠብቀው። ይሁን እንጂ ማትሮና ሳይሞክሩት ማንም አሸዋውን አይነካም። እሳቸው የመጀመሪያውን ዛጎል ቆፍረው ያወጣሉ፣ በቢላቸው ይከፍቱታል፣ የአንገቱን ጥቁር ጫፍ ቆርጠው ይጥላሉ፣ ከዚያ ጥሬውን ሥጋ ታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያኖሩና ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ይመልሳሉ። አባታችን ሆይ ሦስት ጊዜ ተብሎ እስኪያልቅ እንደዚያው ይቆማሉ። ከንፈራቸውን ከነዘራቸው መርዝ አለ ማለት ነው፤ ሰዉ ባዶ ባልዲውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ካልነዘራቸው "ደህና ነው" ይላሉ፣ ቁፋሮው ይጀመራል። ይህን ሙያ ከእናታቸው ወረሱት፤ እናታቸውም ከእናታቸው። ማትሮና ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ልጅ አልወለዱም። ከንፈሩን ማን እንደሚወርስ መንደሩ ሻይ በጠጣ ቁጥር ይከራከራል።

ፌክላ ከመንደርተኞቹ አንዷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የመንደሩ ጤና ረዳት ናት፤ ሁለት ክፍል ክሊኒኳን ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ ታክምበታለች፣ ራሷ ትጠርጋለች። ክርስትና ያነሷት ማትሮና ናቸው፤ እናቷ ስትሞትም ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከዓለም ሁሉ አብልጣ ትወዳቸዋለች፤ ከዓለም ሁሉ አብልጠው የሚያበሳጩዋትም እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ዕለት ከዳርቻው ጥቂት ዛጎል ቆፍራ በአውሮፕላን ወደ ከተማ ላቦራቶሪ ልካ ነበር። ሐሙስ ቀትር ላይ ስልክ ተደወለላት። መርዙ ሰው እንዲበላው ከሚፈቀደው ከአሥር እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ፌክላ ስልኩን ዘግታ እስክሪብቶ አነሳችና ማስጠንቀቂያውን በትላልቅ ፊደል አራት ወረቀት ላይ ጻፈችው። አንዱን ክሊኒኩ በር ላይ፣ አንዱን ቤተክርስቲያኑ ላይ፣ አንዱን ትምህርት ቤቱ ላይ፣ አንዱን ወደ ዳርቻው በሚወርደው መንገድ ላይ ለጠፈች። ይህም አልበቃ ብሏት በየቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ በሚውለው የመገናኛ ሬዲዮ አነበበችው።

"ከዳርቻችን የተቆፈረ ዛጎል እንዳትበሉ። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ የመርዝ ምልክት የሚባለው የውኃ መቅላት ባይታይም ሊኖር ይችላል። መቀቀል አያጠፋውም፤ የአንገቱን ጫፍ መቁረጥም ዋስትና አይሆንም። ከበላችሁ በኋላ ከንፈራችሁ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ ሳትጠብቁ ክሊኒክ ኑ፤ ትንፋሽ እስከ ማቆም ያደርሳል።"

 ከሬዲዮው የኢኖከንቲ ድምፅ መጣ። ኢኖከንቲ የማትሮና የሟች ባል ታናሽ ወንድም ነው፤ ቄስ በማይኖርበት ጊዜ ሁሉ፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ጸሎት የሚያደርሰው እሱ ነው። ከጸሎት ሲወጣ ደግሞ መንደሩን በቀልድ የሚያምሰውም እሱው ነው።

"ሰምተናል ዶክተር" አለ። "ማትሮናስ ምን አለች?"

ማትሮና ምንም አላሉም። ሥራ በዝቶባቸው ነበር። ቅዳሜ የባላቸው የላሪዮን ሙት ዓመት ነው። በጾም ሙት ዓመት የሚያወጣ ቤት ካለ፣ በመጀመሪያው ቀን የተቆፈረው ዛጎል በሙሉ ወደዚያ ቤት ድስት ይገባል፤ ሾርባው ተሠርቶ ለሟቹ ነፍስ ሳይጸለይ ማንም አይቀምስም። ላሪዮን ደግሞ በሕይወቱ ሳለ የዚያን ቀን ሾርባ አምስት ሳህን ጠጥቶ "ትንሽ ጨው ጎድሎታል" የሚል ሰው ነበር። ማትሮና ይህን ሾርባ ለመሥራት ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

ዓርብ ጠዋት ባሕሩ ሸሸ። ፌክላ ዳርቻው ላይ ስትደርስ ሃያ ያህል ሰው ተሰልፎ አገኘች፤ የለጠፈችውን ማስጠንቀቂያ አልፈውት ነው የወረዱት። ማትሮና ከፊት ቆመዋል፣ ዛጎሉ ከንፈራቸው ላይ ነው፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። ፌክላ ጸሎቱ እስኪያልቅ መታገስ ነበረባት፤ በዚያ ሰዓት መናገር በቅዳሴ መሃል ከመጮህ አይለይም። ማትሮና ዛጎሉን አንስተው ከንፈራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ዞሩ።

"ደህና ነው።"

ፌክላ ተማጸነች። የላቦራቶሪውን ውጤት ነገረቻቸው፣ ከፈለጉ ራሳቸው እንዲደውሉ ስልኩን ዘረጋችላቸው፣ በመጨረሻ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ሄዳ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ማትሮና ቀረብ ብለው የኮቷን አንገትጌ አስተካከሉላት።

"ወረቀትሽ ከንፈር የለውም ልጄ" አሉ። "ተነሺ፣ ቂጥሽን ይበርድሻል።"

ሰዉ ሳቀ፤ ክፋት ያለበት ሳቅም አልነበረም። እሷን እየዞሩ ቆፈሩ። አሥራ አራት ባልዲ ሞላ፤ አሥራ አራቱም ወደ ማትሮና ቤት ተጓዘ። ፌክላ አሸዋው ላይ እንደተቀመጠች ሒሳቡን አሰላችው። ነገ ሃምሳ ሰው ከአንድ ድስት ይበላል። ሆስፒታሉ ጭጋግ ከሌለ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው። ክሊኒኳ ውስጥ ትንፋሽ ላቆመ ሰው አየር የሚነፋ ፊኛ አንድ አለ፤ የሚጨምቁትም የእሷ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። እዚያው እንባዋ መጣ፤ ፈርታ ነበር።

ከቀትር በፊት ወደ ማትሮና ቤት ሄደች። ምን ልትል እንደሆነ አላወቀችም፤ ካስፈለገም ድስቱ ላይ ወጥታ እቀመጥበታለሁ ብላ ነበር። ማትሮና ግን የጠዋቱ ነገር እንዳልነበረ ሆነው በደስታ ተቀበሏት፣ ወንበር ሳቡላት፣ ሻይ ቀዱላት። ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ተጥዶ ዛጎሉ በእንፋሎት እየተከፈተ ነው። የላሪዮን ፎቶግራፍ ከቅዱሱ ሥዕል ሥር ተቀምጧል።

"አኩርፈሻል" አሉ።

"አላኮረፍኩም እማማ።"

"አፍንጫሽ ሲቀላ አውቃለሁ። በይ ጠጪ።"

ፌክላ ፉት አለችና ምላሷ ተላጠ፤ ሻዩ ከእሳት ላይ መውረዱ ነበር። ማትሮና ግን ብርጭቋቸውን አንስተው ገና እንደፈላ በትልቁ ተጎነጩ። ከከንፈራቸው ጥግ አንድ መስመር ሻይ ወርዶ እስከ አገጫቸው ደረሰ። አልጠረጉትም። ስለ ሩዙ፣ ስለ ዘቢቡ፣ ማን ዳቦ እንደሚያመጣ ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ ሻዩ አንገታቸው ድረስ ወርዶ የሸሚዛቸውን አንገትጌ አራሰ። ፌክላ ያኔ ብቻ በደንብ አየቻቸው። ታችኛው ከንፈራቸው ላይ ከቀኝ በኩል ሁለት የተላጡ ቁስሎች ነበሩ፤ አንዱ የቆየ ነው፣ አንዱ ትኩስ።

"እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ እስኪ።"

"ምን ልታደርጊኝ?"

"ይጨፍኑ ብቻ።"

ጨፈኑ። ፌክላ የሻይ ማንኪያውን አንስታ በጫፉ የግራ ጉንጫቸውን ነካች። "ማንኪያ" አሉ ማትሮና። ግንባራቸውን ነካች። "ማንኪያ። ምን ጨዋታ ነው?" ፌክላ ማንኪያውን ወደ ታችኛው ከንፈራቸው አወረደች፣ ከቀኝ ጥግ ጀምራ እስከ መሃል አሸችው፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጫን አድርጋ።

ማትሮና ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጠበቁ።

"ኧረ መቼ ነው የምትጀምሪው?" አሉ።

 ማትሮና ዓይናቸውን ገለጡ፣ ማንኪያው የት እንዳለ አዩ፣ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ከንፈራቸው ሄደ። ድስቱ ላይ ክዳኑ ይንኳኳል።

ብዙ ሳይለመኑ ተናገሩ። በገና ማግስት ጠዋት ሲነሱ ብርጭቆው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። የደነዘዘው እጃቸው እስከ ማታ ተመለሰላቸው፤ ከንፈራቸው ግን እንደ እንጨት ሆኖ ቀረ። ለፌክላ ቢነግሩ ከተማ እንደምትልካቸው ያውቃሉ፤ ከተማ የሄደ ሽማግሌ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የላሪዮን ሙት ዓመት እስኪወጣ ብቻ ብለው ዝም አሉ። ዛሬ ጠዋት ዛጎሉን ከንፈራቸው ላይ ሲያኖሩ ይነዝረኝ ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ሳይነዝራቸው ሲቀር ደህና ነው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ፤ ያን ሁሉ ሰው ባዶ ባልዲ አስይዞ መመለስ ከበዳቸው።

ፌክላ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ እያየቻቸው እንዴት አላየችም? እሳቸውን ልትቆጣ ነበር፣ ራሷን ልትቆጣ ነበር፣ ሁለቱንም ተወችና ጉልበታቸው ላይ ራሷን ጣል አድርጋ አለቀሰች። ማትሮና ፀጉሯን ዳበሷት። ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"መላ አለኝ። ሬዲዮውን አንሺና ስጪኝ። 'አሁን ነዘረኝ፣ ጠዋት ዘግይቶ ነው እንጂ መርዝ አለበት' እላቸዋለሁ። ሁሉም ይሰማኛል። ሰውም አይሞት፣ እኔም አላፍር።"

ፌክላ ራሷን ቀና አደረገች። ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። ድስቱ ይደፋል፣ እማማ እንደተከበሩ ይኖራሉ፣ ማንም ምንም አያውቅም። እሺ ልትል ምንም አልቀራትም።

"በሚቀጥለው ዓመትስ?" አለች። "እንደገና ከኋላዎ ይቆሙና እርስዎን ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ አውቄ ዝም እላለሁ። ከርስዎ በኋላም የአንዷን ሴት ከንፈር ይመርጣሉ። እማማ፣ ደህና ከንፈርም ቢሆን እኮ አያውቀውም። ስንት ጊዜ ዝም ብሎ በዕድል እንዳለፈን ማን ያውቃል?"

ማትሮና ወደ ላሪዮን ፎቶግራፍ ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ ድስቱ። ተነሥተው ምድጃውን አጠፉት። ከግድግዳው የሬዲዮውን መነጋገሪያ አወረዱ፤ አወራረዳቸው ከባድ ዕቃ የሚያወርዱ ነበር የሚመስለው።

"ማትሮና ነኝ" አሉ። "ሁላችሁም ስሙኝ፣ ሁለቴ አልናገረውም። ከንፈሬ ከገና ጀምሮ ሞቷል። እሳትም ቢነካው አያውቅም። ጠዋት ደህና ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ዛጎሉ መርዝ አለበት፤ የልጅቷ ወረቀት ልክ ነው። ቤቱ ያስቀረ ካለ ይድፋ፤ ውሻ እንዳይበላው ይቅበር። ከእንግዲህም ከንፈሬን አትጠብቁ።"

 ማትሮና መነጋገሪያውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ፤ ፌክላ በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ትንሽ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

"ማትሮና" አለ ኢኖከንቲ በሬዲዮው። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። "ከገና ጀምሮ ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"እሺ። ድስቱን እንዳታነሺው፣ እኔ መጥቼ እቀብረዋለሁ።"

ፌክላ የሆስፒታሉ ሐኪም ጋ ደወለች። ሐኪሙ ብዙ ከጠየቃት በኋላ ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስት ወር እንዲህ መቆየታቸው በዕድል ነው፣ ሳይደገም ዛሬ ባለው አውሮፕላን ይምጡ አለ። አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ማትሮና ሰሙ፤ አልተከራከሩም። ሻንጣ ሲያዘጋጁ ግን የላሪዮንን ፎቶግራፍ አንዴ ያስገቡታል፣ አንዴ መልሰው ያወጡታል። ለሙት ዓመቱ አንድ ቀን ነበር የቀረው።

በአሥር ሰዓት ፌክላ በትንሿ መኪና ወደ ጠጠሩ ማኮብኮቢያ ይዛቸው ስትሄድ፣ መንደሩ ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሰዉ በጎማ ቦቱ ጠጠሩ ላይ ቆሟል። ኢኖከንቲ የጸሎት መጽሐፉን ይዟል፣ ጥናውም በእጁ ነው። አንድ ሳጥን ላይ ዘቢብ ያለበት ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ዳቦ ተደርድሯል፤ ከየቤቱ ያለውን ነው ይዘው የመጡት። ሙት ዓመቱን ከነገ ወደ ዛሬ፣ ከቤተክርስቲያን ወደ ማኮብኮቢያው አምጥተውት ነበር። አብራሪው መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ ባርኔጣውን አወለቀና ከክንፉ ሥር ቆመ።

ጸሎቱን ግማሹን በመንደሩ ቋንቋ በአሉቲክ፣ ግማሹን በድሮው የቤተክርስቲያን ቋንቋ ዘመሩት። ነፋሱ ዜማውን እየነጠቀ ወደ ባሕሩ ይወስደው ነበር። ማትሮና አላለቀሱም፤ ፌክላ በእሳቸውም ፈንታ አለቀሰች። ሲያበቃ ኢኖከንቲ ከሩዙ አንድ ማንኪያ ሞልቶ አጎረሳቸው። አንድ ፍሬ ከንፈራቸው ላይ ቀረ። ሰዉ ሁሉ አየው፤ ሁሉም ወደ መሬት ተመለከተ። ኢኖከንቲ ማንኪያውን ሳጥኑ ላይ አኖረና በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ አነሣላቸው።

"ምን ነበር?" አሉ ማትሮና።

"ሩዝ ነው" አለ። "አሁን ሂጂ። ስትመለሺ ከንፈርሽ ላይ ያለውን እኛ እንነግርሻለን።"