ሰገል ወደ ሥራዋ ስትመለስ

ሰገል ወደ ስፌት ፋብሪካው የተመለሰችው በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከዓመታት በፊት ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ስትሸጥ፣ በመደብ ቦታ ይገባኛል ከጎረቤቷ ነጋዴ ጋር ተጣላችና በንዴት በልብስ መስቀያ ብረት መታቻት። ሴትዮዋ አንድ ዓይኗን አጣች፤ ሰገል ታሰረች። ስፌት የተማረችው እዚያው ማረሚያ ቤት ነው። ስትፈታ ፋብሪካው ፈትኖ ቀጠራት። ስለ እስሩ የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም አልተናገረችም። በኋላ ወሬው ሲደርሳቸው አሰናበቷት። ከሰሰች። ዳኛው፣ «ቅጣቷን ጨርሳለች፤ ሥራዋ ላይ ጥፋት አልተገኘባትም፤ ትመለስ» አሉ።

የተመለሰች ዕለት ጠዋት ሳቢያን ሰፈር ላይ የፋብሪካውን ሰርቪስ ስትሳፈር መኪናው ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቀጥ አለ። ሰላምታ ሰጠች። አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ከጎኗ ያለው ወንበር እስከ ፋብሪካው በር ባዶውን ሄደ።

ተቆጣጣሪው ዕዝራ የድሮ ማሽኗን አስጠርጎ ጠበቃት። ከጎኗ ትሰፋ የነበረችው ሙኒያ ግን ሌላ መስመር ተዛውራለች። ሙኒያ ጓደኛዋ ነበረች፤ እሁድ እሁድ ቀፊራ ገበያ ስትወርድ ሕፃን ልጇን የምትተወው ሰገል ጋ ነበር።

ሰገል የውሃ ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«ሙኒያ፣ አባዮ፣ እህቴ፣ አኮረፍሽኝ እንዴ?»

«አላኮረፍኩም።» ሙኒያ ቀና ብላ አላየቻትም። «ልጄን አምኜ ሰጥቼሽ ነበር እኮ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሰጪኝ ነበር?»

ሙኒያ አሰብ አደረገች። «እንጃ» አለችና ጠርሙሷን ሳትሞላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሰገል ምሳዋን መስኮቱ ሥር ብቻዋን ትበላ ጀመር። ማታ የተከራየቻት ክፍል ገብታ ሬዲዮ ትከፍታለች። አንዳንዴ ለዜና አንባቢው መልስ ስትሰጥ ራሷን ትሰማና ትደነግጣለች።

አንድ ሰሞን ሳሌም የምትባል ልጅ ተቀጠረች። ምሳ ሰዓት ሳህኗን ይዛ መጣችና፣ «ሰው አለው?» አለች።

«የለውም፤ ተቀመጪ።»

ሳሌም ወሬ አያልቅባትም። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አከራይዋ፣ ስለ ባጃጅ ነጂዎች ጥጋብ ታወራለች። ሰገል ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። እንዲህ አብረው ሲበሉ ሰነበቱ። ግን ሰገል ባየቻት ቁጥር አንድ ነገር ይከነክናታል፤ ከሌላ ሰው ብትሰማውስ? በመጨረሻ ጉርሻዋን መለሰችና፣

«ሳሌም፣ እኔ ታስሬ ነበር። አንዲት ሴት መትቼ ዓይኗ ጠፍቷል» አለቻት።

«አቦ፣ እየቀለድሽ ነው?»

«አይደለም። ዛሬም ድረስ ይከብደኛል።»

ሳሌም አልተነሳችም። ምሳዋን በልታ ጨረሰች፤ ወሬዋን ግን አልቀጠለችም። በማግስቱ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጠች። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ እጇን ከፍ አድርጋ ሰላም አለቻት። ሰገልም እጇን አነሳች።

ከሰዓት በኋላ ዕዝራ ማሽኗ አጠገብ ቆመ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ሥራውስ ደህና ነው።»

«የሚነካሽ ሰው ካለ ንገሪኝ፤ መብትሽ ነው።»

ሰገል ጨርቁን አቃናች።

«የሚነካኝ የለም» አለችው። ቀጥሎ ያለውን እጅጌ አንስታ መርፌው ሥር አስገባች።