የአውቶቡሱ አይጥ

…አራት ደቂቃ፣ ለአራት ደቂቃ መዘግየት ብሎ ነው እንግዲህ ሃያ ሹፌር እየሰማ በሬዲዮ የሚያዋርዳት፣ ሎሬታ ዛሬም አልጋው አልለቅ አለሽ ወይ፣ ዱዌይን፣ የስምሪቱ ጌታ፣ ማሞቂያ ሥር ተጎልቶ፣ ባቡር ዘግቶብኝ ነው ብትለው ባቡሩ አንቺን ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው፣ ሳቁ፣ አንድ በአንድ ሰማቻቸው። ይሳቁ። ሃያ ስድስት ዓመት በዱሉት ከተማ ዳገት፣ በዚያ በረዶ፣ የሰው ልጅ ጭና ስትወጣ ስትወርድ አንድ ቀን ጎማ አንሸራቷት አያውቅም፣ ይሄን ማን ይናገርላት።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆማለች፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አውቶቡሱ ባዶ፣ ደወሉ ሊደወል አሥራ አራት ደቂቃ፣ እና እጇ፣ መቼ ነው ደግሞ ወንበሩ ሥር የገባው? ተመለስ። እጅ ይሰማል እንዴ። ሣጥኑን ነክቷል።

አውቶቡስ ላይ መብላት ክልክል ነው፣ የበላ ይነጠቃል፣ ስሙ ተጽፎበት ሣጥን ይገባል፣ ዓርብ ሲወርድ ይመለስለታል፣ ይሄ የሷ ሕግ ነው፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ከረጢት ብቻ፣ የማቤል፣ የሰባት ዓመቷ ወላቃ፣ ከሃሎዊን በዓል የተረፈ ቸኮሌት፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ያለበት፣ ታውቀዋለች፣ እንዴት አታውቀው፣ ባለፈው ሳምንት ግማሹን እሷው አይደለች ሙልጭ ያደረገችው። ልጅቷ ከረጢቱን ገልብጣ ስታይ አይጥ ገብቶ ነው አለቻት። አይጥ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሴትዮ ለሕፃን ልጅ ትዋሻለች፣ ለቸኮሌት ብላ።

ማክሰኞ ምርመራ አለ። ስኳሯ ካልወረደ ሐኪሙ የመንጃ ፈቃድ ወረቀቱን አይፈርምም፣ ወረቀቱ ካልተፈረመ መሪ የለም፣ መሪው ከሌለ ጠዋት ለምን ትነሳለች? ወይዘሮ ሎሬታ፣ እርስዎን የጎደለዎ ጽናት ነው፣ ሲያምርዎ አሥር ደቂቃ ይታገሡ፣ ፍላጎቱ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ጽናት አለ፣ አንገቱ ሸንበቆ የሚያህል ሰውዬ! ዱዌይን በሬዲዮ ሰድቦት ያውቃል? ካሮት ይያዙ አላት፣ ይኸው ይዛለች፣ ተቆራርጦ በላስቲክ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያፈጥጥባታል፣ ተናዶ ካሮት የሚበላ ማን አለ፣ ጥንቸል፣ እሷም ስትናደድ አትበላም።

አሥር ደቂቃ። እሺ። ቆጠረች። የመስታወቱ መጥረጊያ በረዶውን ይገፋል፣ ይመለሳል፣ ይገፋል፣ አልጋው አልለቅ አለሽ ወይ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነስታ፣ በጨለማ በረዶ ዝቃ፣ ስንተኛው ደቂቃ ነው፣ ሦስተኛው፣ ሦስት ብቻ? ለመቅመስ ያህል አንዲት፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አንዲት ብላ ታውቃለች? ይብላኝ ለጽናት። ከረጢቱ ጉልበቷ ላይ ነው። አንዱ ተልጧል፣ ሽታው፣ ከንፈሯ ጋ ደርሷል፣ ከከረጢቱ የታጠፈ ወረቀት ዱብ ይላል።

በእርሳስ ነው፣ ፊደሉ ተንጋዷል። ለአይጡ። ግማሹ ያንተ ነው፣ ግማሹን ተውልኝ። ሁሉንም እንዳትበላ፣ ሆድህን ያምሃል። ማቤል።

ሰኞ። ለካ ሰኞ ልጅቷ መስታወቱ ፊት ተገትራ፣ እያየቻት፣ ጉንጯን ነፍታ የበላችው እንዲነጠቅላት ነው፣ ለአይጡ እንዲደርስ፣ እሷ ደግሞ ጮኸችባት፣ ባለጌ አለቻት፣ አውቶቡሱ ሁሉ እየሰማ፣ ልክ እንደ ዱዌይን። ማን ለምኖሽ! ማን ስጪኝ አለሽ! አይ፣ ልጅቷ ምን አደረገች። አንቺ ነሽ። ሆዳም። ውሸታም። ሆድ ብቻ። ያናድዳታል፣ እንባዋ ይመጣል፣ እሱም ያናድዳታል።

ደወል። በዚህ ፍጥነት? ቸኮሌቱ ተልጧል፣ ተመልሶ አይጠቀለል፣ በጭብጧ ትይዘዋለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ብርዱ ይገባል፣ ከሁሉ ፊት ማቤል።

ሚስ ሎሬታ፣ አይጡ በላ?

አልራበውም በያት፣ ቀላል ነው፣ ከተማ ቀይሮ ሄደ በያት፣ ከኋላዋ ይገፋፋሉ፣ ቶሎ በይ እንጂ ማቤል፣ በረዶ ላይ አቆምሽን።

አይጥ የለም። እኔ ነኝ የበላሁት።

ግፊያው ቆመ። ማቤል አላለቀሰችም፣ የሎሬታን ጭብጥ ነው የምታየው። እሱንስ?

ልበላው ነበር ትላለች ሎሬታ፣ ጭብጧን ትከፍታለች፣ ቸኮሌቱ ቀልጦ ተጨመላልቋል። ማቤል በሁለት ጣቷ አንስታ አፏ ውስጥ ትከተዋለች።

አውቶቡስ ላይ መብላት ክልክል ነው።

አውቃለሁ፣ ትላለች አፏ እንደሞላ፣ ከረጢቷን ተቀብላ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ሎሬታ፣ ይላል ሬዲዮው፣ ተነሳሽ ወይስ ዛሬም ባቡር አለ? አፍህን ዝጋ ዱዌይን፣ ልጆች እየጫንኩ ነው። ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ ሃያው ሹፌር ሰምቷል፣ የሳቀ የለም። መዳፏን ታየዋለች፣ የቀረው ቸኮሌት ከጣቶቿ መሐል ገብቷል፣ ይሸታል፣ አፏን ምራቅ ሞልቶታል፣ ማክሰኞ ገና አራት ቀን። አትልሰውም። ሱሪዋ ላይ ትጠርገዋለች።