የግራ እጅ ስፌት

ጋሽ ወስፌ ቢያንስ አንድ ጫማ ሰፍተው ሳይጨርሱ ምሳ አይቀምሱም። የሚሠሩበት ሱቅ ባለቤት ግራኙ፣ ቤቱ ከዚያ ሁለት በር አልፎ ስለሆነ፣ ሚስቱ የሠራችውን የሁለት ሰው ምሳ በየቀኑ በምሳ ዕቃ ያመጣል። እጁን ታጥቦ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ጫማውን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ይሰፋሉ። ምግቡ በረዶ ቢሆን ደንታቸው አይደለም። «ያልሠራሁበትን ምግብ ጉሮሮዬ አያሳልፈውም» ይላሉ።

ወስፌ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በራሳቸው ሱቅ ጫማ ሲሰፉ ወስፌ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ምላሳቸውም ከወስፌው የባሰ ይወጋ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ዘጉ። ቤት ውለው ከሚስታቸው ጋር በድስት ክዳን መጨቃጨቅ በጀመሩ በሦስተኛው ወር ግራኙ መጣና «ጋሼ፣ ሰው አንሶኛል፤ መጥተው ያግዙኝ» አላቸው። መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን በሚበዛበት በኩል፣ መደገፊያ ያለው ወንበር አዘጋጅቶላቸው ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናቸው።

ስለ ግራኙ አንድ ነገር መነገር አለበት። ከሃያ ዓመት በፊት ሥራ የለመደው ጋሽ ወስፌ ሱቅ ነው። የሚሰፋው በግራ እጁ ነበር። እሳቸው ደግሞ «ክሩ በተሳሳተ በኩል የተጋደመ ጫማ ከእኔ ሱቅ አይወጣም» ብለው፣ ደንበኛ እያየ፣ መሣሪያውን በእጁ አስይዘው አባረሩት። ስፌቱ እንከን አልነበረበትም። ይህን ያኔም ያውቁ ነበር።

ሚስታቸው ከቤተ ክርስቲያን በተመለሰች ቁጥር ስለ ጸጋ ታወራቸዋለች። «እግዚአብሔር እኮ ስለሠራንለት አይደለም የወደደን፤ እንዲያው ነው» ትላቸዋለች። እሳቸውም «በነጻ የመጣ ነገር ስፌቱ ይላላል» ይሏታል። ሲጸልዩ እንኳ ያለቀ ጫማ ለደንበኛ እንደሚያስረክብ ሰው ነው፤ ይህን አድርጌያለሁ፣ ያንን ትቻለሁ እያሉ ይዘረዝራሉ። ግራኙን ማባረራቸውን ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አስገብተውት አያውቁም።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ግራኙ ምሳ ሊያመጣ በወጣበት፣ አንዲት አስተማሪ ታኮው የተነቀለ ጫማ ይዛ መጣች። ጋሽ ወስፌ ዘለበቱን ሲዳስሱ ለዩት። ባለፈው ወር ዙሪያውን እንደ አዲስ የሰፉት ራሳቸው ናቸው።

«ስፌቱማ ግሩም ነው ጋሼ። ያ ሁሉ ዝናብ አንዲት ጠብታ አላስገባበትም» አለቻቸው።

ደስ አላቸው። እሷን ሸኝተው፣ ኩራት ቢጤ ስለተሰማቸው፣ አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ሰደዱ። ጣታቸው መሃል ላይ ቆመ። ዓይናቸው ቢከዳቸውም ጣታቸው ገና አልከዳቸውም፤ ክሩ የተጋደመው በተሳሳተው በኩል ነው፤ በግራ እጅ የተሰፋ ነው።

ተነስተው መደርደሪያውን ፈተሹ። ትናንት የሰፉትን፣ ቅዳሜ የሰፉትን፣ ባለቤቱ ገና ያልወሰደውን ቦት ጫማ አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሁሉም ያው ነው። ግራኙ ጠረጴዛ ሥር ያለችው ቆርቆሮ ደግሞ በተፈታ ክር ተሞልታለች፤ ክሩ የእሳቸው ነው፤ ሰም የቀቡት በገዛ እጃቸው ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሩን በላባቸው ያገኙት መስሏቸው ነበር። ለካስ ሥራ ሲያበዙበት ነው የኖሩት። ከእንግዲህ በምን ፊታቸው ይቀመጡበታል? ወስፌያቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ።

ግራኙ ምሳውን ይዞ ሲገባ ኮታቸውን ለብሰው ቆመው አገኛቸው።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ቤቴ ነዋ። ስፌቴን መፍታት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ግራኙ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መዋሸት እንደሆነ ድሮም አይችልበትም። «ከመጀመሪያው ቀን» አለ።

«ታዲያ ምን ቸግሮህ ወንበር ሰጠኸኝ?»

«ስፌትዎን ብፈልግ ኖሮ መጀመሪያ ዓይንዎን እመለከት ነበር። እርስዎን ፈልጌ ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ ያባረርኩህ» አሉ። «ስፌትህ ደህና መሆኑን እያወቅኩ። ረሳኸው እንዴ?»

«አልረሳሁም። ወንበሩን እዚህ ሳስቀምጥም እሱኑ እያስታወስኩ ነበር» አለ ግራኙ። «ይቅር ብዬዎት ነው ያስቀመጥኩት። ይልቅ ኮትዎን ያውልቁ።»

ጋሽ ወስፌ ለዓመታት በጸሎት ለአምላካቸው ሲያስረክቡ የኖሩት ሥራ ሁሉ ትዝ አላቸው። ያንንም ስፌት እሱ አንድ ቃል ሳይናገራቸው ሲፈታና እንደገና ሲሰፋላቸው እንደኖረ ታወቃቸው። እንባቸው መጣ፤ ከእንባው ጋር ሳቅም መጣባቸው። «ሚስቴ ይህን የሰማች ቀን አለቀልኝ» አሉ።

ኮታቸውን አወለቁ። የዚያን ቀን አንድ ጫማ እንኳ ገና አልሰፉም ነበር። እጃቸውን ታጥበው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ክዳኑን ሲከፍቱ እንፋሎቱ ፊታቸውን ገረፋቸው። አንዴ ጎረሱ፤ ደገሙ።

«የሚስትህ ምግብ ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጣፈጠው?» አሉ።

«ምንም አልሆነም ጋሼ» አለ ግራኙ። «ሁልጊዜም ትኩስ ሆኖ ነው የሚመጣልዎት።»