የከሊድ ሃይላንዶች

አንድ ባዶ ሃይላንድ ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ተንከባልሎ መጣና ራሂማ እግር አጠገብ ቆመ። አየችው። አላነሳችውም፣ ገፋም አላደረገችው። ቅዳሜ ወንድሟን ከቀበሩት ወዲህ ሁሉን ነገር የምታየው እንዲሁ ነበር፤ ሰው ይምጣ፣ ሻይ ይምጣ፣ ለእሷ ያው ነው።

ድንኳኑ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤቷ ደጅ ላይ፣ የመንገዱን እኩሌታ ይዞ ተተክሏል። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ተቀምጠዋል። ዕድርተኞቹ ለመጣው ሁሉ የታሸገ ውሃ ያድላሉ፤ እንግዳው ይጠጣና ባዶውን ሃይላንድ ወንበሩ ሥር ጣል ያደርገዋል። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ይሏታል፤ አሚን ትላለች። እንባ ግን ወይ ፍንክች። ሴቶቹም ይህንኑ ወሬ ይዘው ቀርተዋል። አንዷ፣ በእጇ አሳድጋው እንዴት ዓይኗ እንዲህ ይደርቃል ስትል፣ ሌላዋ፣ ተኳርፈው አልነበር እንዴ፣ አምስት ወር ሙሉ አልተነጋገሩም አለቻት። ሹክሹክታ ነው ብለው ነው እንግዲህ! ራሂማን አንድ ቃል አላመለጣትም። እውነት ስለሆነ አልተቆጣችም። ቁጣውስ ቢሆን ከየት ይመጣል፤ ውስጧ ደንዝዟል።

ከሊድ ታናሿ ነው። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ራሂማ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጨርቅ እየቸረቸረች አሳደገችው፣ አስተማረችው። አድጎ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ወጥቶ አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጨው፤ ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም። በዕለቱ የሐረጎን ዳገት አሳልፈው ደሴ አመጡትና ከእናቱ አጠገብ ቀበሩት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር።

ጓደኞቹ ከፈረቃ ሲወጡ ወይ ኳስ ያያሉ፣ ወይ ይተኛሉ። የእሱ ነገር ተራራ መውጣት ነበር። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የተራቆተ ዳገት ቀበሌውን ለምኖ ተረከበ፤ አምስት የፋብሪካ ባልደረቦቹን አስከትሎ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ፣ በእሾህ አጠረው፤ ወይራና ጽድ ተከለበት። ፍየል ሲገባ ከባለፍየሉ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ወጥመድ ሲያገኝ ይነቅላል። ራሂማ፣ ትዳር ያዝ፣ ጎጆ ቀልስ ስትለው የሚመልስላት ስለ ተራራው ነው። አንድ ቀን ከቦሩ ሜዳ ጥሩ ልጅ አገኘሁልህ ልትለው ብትደውል፣ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ፣ «እትዬ፣ ድኩላዋ ተመለሰች እኮ! ግልገል አስከትላለች» አላት። «እንግዲያው እሷን አግባታ» ብላ ዘጋችበት። ብቻዋን ስትሆን ግን ሳቀች።

ያስመረራት ሃይላንዱ ነው። ከሊድ የሃይላንዱን ቂጥ ይቆርጣል፣ ክዳኑን በመርፌ ይበሳል፣ ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርጎ ችግኙ ሥር ይቀብረዋል። ውሃ ሲሞላበት ጠብ ጠብ እያለ ለአራት ቀን ሥሩን ያርሳል። ለአንድ ችግኝ አንድ ሃይላንድ። ይህን ያህል ሃይላንድ የሚገኘው ደግሞ ሠርግ ቤትና ለቅሶ ቤት ነውና፣ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር ጆንያውን ይዞ መምጣት ጀመረ።

መስከረም ላይ ገራዶ የሚኖሩት አጎታቸው ሞቱ። ከሊድ ሽማግሌዎቹን ሰላም ብሎ፣ ዱዓውን አድርሶ፣ ወንበር ሥር አጎንብሶ ይለቅም ገባ። የአክስታቸው ልጅ ዘካሪያ ቀልድ ይወዳል፤ ዘመዱን ያላወቀ መስሎ፣ «ቆራሊዮ ለቅሶ ቤትም መግባት ጀመረ እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። ራሂማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች! ተነሥታ ጆንያውን ነጠቀችና ዘረገፈችው።

«ያሳደግሁህ የሰው ቆሻሻ እንድትለቅም ነው? ከእንግዲህ እህት አለኝ እንዳትል» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ።

ከሊድ ባዶውን ጆንያ አጣጥፎ ብብቱ ሥር አደረገና ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደወለላት፤ አላነሳችም። ሦስተኛ ቢደውል ልታነሳ ነበር። ወላሂ ልታነሳ ነበር። አልደወለም።

አሁን ዊዳድ ሻይ ይዛላት መጣች። ከሊድን ተከትለው ተራራ ከሚወጡት አምስቱ አንዷ ናት። አምስቱም ከፋብሪካው ፈቃድ ወስደው ከቅዳሜ ጀምሮ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል፤ እስከ ሰባተኛው ቀንም ላይነሱ ተማምለዋል። ራሂማ ሻዩን ተቀበለችና፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ተራራው ጋ ማን አለ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አቀረቀረች። ማንም የለም። ሃይላንዶቹን መጨረሻ የሞላቸው ከሊድ ራሱ ነው፣ ረቡዕ ዕለት። ትናንት እሑድ መሞላት ነበረባቸው። በልጉ ገና አልጣለም፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል። እስከ ነገ ውሃ ካላገኙ ሐምሌ የተተከሉት ሁሉ አበቃላቸው።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«እርስዎን ሐዘን ላይ ጥለን እንዴት እንሂድ፣ እትዬ ራሂማ? ነውር አይሆንም? ለቅሶ ቤትስ ስለ ችግኝ ይወራል?»

ራሂማ፣ ሃይላንዱ ለሁሉም ችግኝ ደርሷል ወይ አለቻት። ለሁሉም አልደረሰም። የታችኛው ረድፍ፣ ስልሳ የሚሆን ወይራ፣ አንድም የለው፤ ከሊድ በጣሳ ነበር የሚያጠጣው። ከሌላ ቦታ ለቅመው ሲያመጡ እንኳ ለዚያ ረድፍ አይሁን ብሎ ይከለክላቸው ነበር።

«ለምን?»

ዊዳድ መናገሩን ፈርታ ወደ ጓደኞቿ ዞር አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «‹የእትዬ ረድፍ ነው› ይለን ነበር። ‹ስንታረቅ እሷው ትሰጠኛለች።›» አለቻት።

ራሂማ ያልቀመሰችውን ሻይ መሬት አስቀመጠችው። ሴቶቹ አሁን ታለቅሳለች ብለው ነጠላቸውን አመቻቹ። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር ያለውን ሃይላንድ አነሣች።

«ከጓዳ ጆንያ አምጪልኝ» አለቻት። «እሱ እንደሞላ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እስከ ሰባተኛው ቀን እዚያው ተራራው ላይ ተቀመጡልኝ።»

ስትነሣ ለሶላቱ ውዱእ ልታደርግ የምትሄድ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን በሴቶቹ ወንበር ሥር ያለውን ለቅማ ስትጨርስ ወደ ወንዶቹ ተሻገረች። ጨዋታው ሁሉ ተቋረጠ። ሼህ የሱፍ ዱዓ የሚመሩት ሽማግሌ ናቸው፤ አጠገባቸው ደርሳ፣ «አባባ፣ እግርዎን ያንሡልኝ» አለቻቸው። አነሡላት። ጎረቤቷ ጸጋው ከአጠገቡ ያለውን ራሱ አቀበላት። ጉልበቷን አቧራ ነክቶታል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ አልመለሰችውም። የሚሰማው የባዶ ፕላስቲክ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዳር ዘካሪያ ተቀምጧል፤ ሃይላንዱን ግማሽ ላይ አድርሶ በሁለት እጁ ይዞታል። ስትመጣበት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እጇን ዘረጋችለት።

«ጨርሰህ ስጠኝ።»

በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ሰጣት። ጆንያው ውስጥ ጨመረችው፤ እጇን ግን አላጠፈችም።

«ክዳኑንም» አለችው።

ክዳኑ የት እንደወደቀ አላወቀውም። ዘካሪያ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከና በመዳፉ አቧራውን እየዳበሰ ይፈልግላት ገባ። ራሂማ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ጠበቀችው።